የዓርቡ ምርመራ

አክስቴን ለመመርመር የተስማማሁት እምቢ ማለት ስለማልችልበት ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ እምቢ ማለት ሲኖርብኝ ዝም እላለሁ፤ ሰዎችም ዝምታዬን እሺታ አድርገው ይወስዱታል። ያን ቀን እናቴ ሽንኩርት እየከተፈች ጠየቀችኝ፤ እኔ ዝም አልሁ፤ ነገሩ በዚያው ተቆረጠ።

አክስቴ የእናቴ ታላቅ እህት ናቸው። ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ ፋብሪካ ቢሮ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በጸሐፊነት ሠርተዋል። አላገቡም፤ አልወለዱም። እኔ ከተወለድሁ ጀምሮ ዓባይ ማዶ ከእኛ ጋር ነው የኖሩት። ፊደል ያስቆጠሩኝ፣ የትምህርት ቤት ደብተሬን በጋዜጣ የሸፈኑልኝ፣ ሰው ፊት መናገር ሲያቅተኝ «ተዋት፣ ቆይታ ትናገራለች» እያሉ የተከላከሉልኝ እሳቸው ናቸው። እናቴን «አንቺ» እላታለሁ። አክስቴን ግን «እትዬ» ብዬ አንቱ ነው የምላቸው፤ ሌላ መጥሪያ በአፌ አይመጣልኝም።

ጡረታ ከወጡ ወዲህ አንድ ሐሳብ ነበራቸው፤ መመንኮስ። ከጣና ደሴቶች በአንዱ ላይ የእናቶች ገዳም አለ። አክስቴ በዓመት አንድ ጊዜ በጀልባ ሄደው ይሳለሙታል፤ ሲመለሱ ሁለት ሦስት ቀን ብዙም አይናገሩም። በእኛ አገር ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ሥራዋን የጨረሰች ሴት የቀረ ዕድሜዬን ለጸሎት ልስጥ ስትል ቆብ ትጭናለች። ብዙዎቹ ቆቡን ጭነው እዚያው ልጆቻቸው ቤት ይኖራሉ። አክስቴ የፈለጉት ግን ደሴቱ ላይ ገብተው ከእናቶች ጋር መኖርን ነበር። «ቤት ቁጭ ብሎ መመንኮስማ በጡረታ ላይ ጡረታ ነው» ይሉ ነበር።

እናቴ አልፈቀደችም። ምክንያትም ነበራት። አክስቴ ሁለት ጊዜ ሽሮ ጥደው ረስተውት ድስቱ ከሥሩ ከስሎ ቤቱን ጢስ ሞላው። አንድ ቀን ደግሞ ከገበያ ሲመለሱ ለባጃጅ ነጂው የነገሩት ሰፈር የአሁኑ ሰፈራችን አልነበረም፤ በወጣትነታቸው ቤት ተከራይተው የኖሩበት ነበር። ወርደው የማያውቁት የብሎኬት አጥር ፊት ሲቆሙ ነው የነቁት። ይህን የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው፤ እየሳቁ። ግን እየሳቁም የነጠላቸውን ጫፍ በጣታቸው ይጠቀልሉት ነበር።

እኔ የተማርሁት ኦኩፔሽናል ቴራፒ ነው። ጎንደር ተምሬ እዚህ በአንድ ሆስፒታል እሠራለሁ። ሥራዬን ለሰው ማስረዳት ሁልጊዜ ይቸግረኛል። ሰው ሲታመም ወይም ሲያረጅ ከእጁ የወጣውን የየዕለት ነገር፣ መልበሱን፣ መታጠቡን፣ ማብሰሉን፣ ቤተ ክርስቲያን መሳለሙን፣ መልሶ እንዲይዘው መርዳት ነው። ያልወጣው ደግሞ እንዳይወጣ። ታካሚዎቼ «ወጌሻዋ» ይሉኛል። እናቴ ለጎረቤት «ፊዚዮ ናት» ትላለች። ስለ ሥራዬ አስቀምጠው በደንብ የጠየቁኝ አክስቴ ብቻ ናቸው። «እና አንቺ የምትሠሪው፣ ሰው እንዲሠራ ማድረግ ነው?» አሉኝ። «አዎ» አልኋቸው። «እንግዲያማ አለቃ ነሽ» አሉ።

ያን ቀን እናቴ ሽንኩርቱን እየከተፈች እንዲህ አለችኝ፤ «አንቺ የተማርሽው ለዚህ አይደለም? መርምሪያትና ወረቀት ላይ አስቀምጪው። ከእኔ አፍ ስትሰማው ቅናት ይመስላታል።»

«የምን ቅናት?» አሉ አክስቴ ከሳሎን። ጆሯቸው ምንም አልደከመም። «ትመርምረኝ! እኔ ፈተና ፈርቼ አላውቅም። ካለፍሁ ግን ከጀልባው ላይ የሚያወርደኝ ሰው እንዳይኖር።»

«ከወደቅሽስ?»

«ከወደቅሁ አርፌ እቀመጣለኋ።»

ሁለቱም ወደ እኔ አዩ። የገዛ ዘመድን መመርመር ጥሩ እንዳልሆነ ተምሬያለሁ። ይህን ለመናገር አፌን ከፍቼም ነበር። እናቴ ግን «ዓርብ ይመችሻል?» አለች።

ሁዳዴ ጾም ነበር። ዓርብ ከሰዓት ፈቃድ ጠይቄ ሰባት ሰዓት ላይ ቤት ደረስሁ። አክስቴ ከጠዋት ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ነበሩ፤ ከእኔ ትንሽ ዘግይተው በባጃጅ መጡ። ፊታቸው አመድ መስሏል። የጾም ፊት ነው ብዬ አለፍሁት።

የምርመራው ቅጽ ከመጀመሪያው ጥያቄ በፊት ሦስት መስመሮች አሉት። ትናንት እንዴት ተኙ፣ ዛሬ ምን በሉና ጠጡ፣ ምን መድኃኒት ይወስዳሉ። ስለ እንቅልፉ ጠየቅሁ፤ ስለ መድኃኒቱም ጠየቅሁ። መካከለኛውን መስመር ግን መጠየቅ አልቻልሁም። በሁዳዴ ትልቅ ሰውን «በልተዋል?» ብሎ መጠየቅ ጾማቸውን መስፈር መሰለኝ። ደግሞም እኔ ጠዋት ሥራ ከመግባቴ በፊት ቂጣ በሻይ በልቼ ነበር፤ በዚያም አፍሬ ነበር። ስለዚህ ቀና ሳልል «መደበኛ» ብዬ ጻፍሁ። በሥራዬ ጠንቃቃ ነኝ፤ የታካሚ ስም እንኳ ሁለት ጊዜ ሳላነብ አልፈርምም። ያንን አንድ ቃል ግን ከራሴ አውጥቼ ጻፍሁት።

«እትዬ፣ ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?»

«ሚካኤል ነዋ።»

«ዓመተ ምሕረቱስ?»

«ዘመነ ማቴዎስ።»

«በቁጥር ይንገሩኝ።»

«አንቺ ልጅ፣ ወንጌላዊው አይበቃሽም?» አሉና ሳቁ። ቁጥሩን ሲናገሩ ግን ሁለት ዓመት ወደ ኋላ ቀሩ። ያሉትን ሰምተው ራሳቸውም ግንባራቸውን አኮማተሩ።

ሦስት ቃላት ሰጠኋቸው፤ ቁልፍ፣ ብርቱካን፣ ጀልባ። ሌላ ሌላውን ስንሠራ ከቆየን በኋላ መልሰው እንዲነግሩኝ ጠየቅሁ።

«ጀልባ» አሉ።

«ሌላስ?»

«ጀልባ ብቻ ነው ያልሽኝ።»

ከመቶ ሰባት ሰባት እየቀነሱ እንዲቆጥሩ ጠየቅኋቸው፤ የፋብሪካውን የሠራተኞች ዝርዝር በቃላቸው ይይዙ የነበሩት ሰው ሁለተኛው ላይ ቆሙ። ከወንበር ተነሥተው እስከ በሩ ሄደው እንዲመለሱ አዘዝኋቸው፤ ሲዞሩ ተንገዳግደው ቡፌውን ያዙ። በመጨረሻ ኩሽና ገብተው ሻይ እንዲያፈሉ ነገርኋቸው፤ ሰው ሥራ ሲሠራ ማየት ከጥያቄው ሁሉ የበለጠ ይናገራልና። ውኃውን ጣዱ። ከዚያ እጃቸውን ግድግዳው ላይ አሳርፈው ውኃው ሲንተከተክ ዝም ብለው አዩት። ቅጠሉን አልጨመሩም። እኔም ጻፍሁ።

ውጤቱ ዝቅተኛ ነበር። ለአክስቴ አልነገርኋቸውም፤ ወረቀቱን ለእናቴ ሰጠኋት። እናቴ አነበበችውና ሳሎን ገብታ ለስላሳ በሆነ ድምፅ፣ በልጅነቷ ትጠራቸው እንደነበረው፣ «እትአበባዬ፣ አልሆነም» አለቻቸው። አክስቴ «እሺ» አሉ። ጫማቸውን አወለቁና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኙ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን መጻፍ ከዚህም ይከብደኛል፤ ሁሉም የሆነው በፍቅር ነውና። እናቴ ኩሽናውን ተረከበች። ገበያውን ተረከበች። የአክስቴን ነጠላ ሳይቀር እሷ ታጥብ ጀመር። ምስር ለመልቀም ሰፌድ ሲያነሡ «አንቺ ደግሞ፣ ቁጭ በይ እስቲ!» ብላ ትቀበላቸዋለች። ዘመድ ስልክ ሲደውል «አርፈው ይቀመጡ፣ ሠርተው የለ» ይላቸዋል። «ቁጭ ይበሉ» የቤታችን ሰላምታ ሆነ። እኔም ከሥራ ስመለስ ሊነሡልኝ ሲሞክሩ ቀድሜ «ይቀመጡ እትዬ» እል ነበር።

ቀን ቀን በሆስፒታሉ ለታካሚዎቼ ልጆች የምነግራቸው የዚህን ተቃራኒ ነው። የሚችሉትን አትቀሟቸው፤ ቢዘገዩም የልብሳቸውን ቁልፍ ራሳቸው ይቆልፉ፤ የቤቱን አንድ ሥራ የእሳቸው አድርጉት። ድምፄ ዝቅ ያለ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ደግሜ እናገረዋለሁ። ቤቴ ስገባ አንድም ቀን አልተናገርሁትም።

ፋሲካ ሲደርስ አክስቴ ሌላ ሰው ሆነው ነበር። ከወንበር ሲነሡ በሁለት እጃቸው ይገፉ ጀመር። ከሰዓት ይተኛሉ፤ ሲነሡ ጠዋት ይመስላቸዋል። ቤተ ክርስቲያን ብቻቸውን መሄድ ስለተከለከሉ የሚሄዱት እናቴ ሲመቻት ብቻ ነው። አንድ ቀን ምሳ ላይ «ዛሬ ማን ነው?» አሉኝ። የትኛው ቅዱስ የሚታሰብበት ቀን እንደሆነ መጠየቃቸው ነው። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲጠይቁ ሰምቼ አላውቅም፤ የሚጠየቁት እሳቸው ነበሩ። «ጊዮርጊስ ነው» አልኋቸው። ወረቀቱ እውነቱን ተናግሯል ማለት ነው ብዬ አሰብሁ። እንዲያውም ቀድሜ ስላየሁት በራሴ ትንሽ ኮራሁ። ይህንንም መደበቅ አልፈልግም።

በበዓለ ሃምሳ አንድ እሑድ የአክስቴ የቤተ ክርስቲያን ጓደኛ ልትጠይቃቸው መጣች። አጠር ያለች፣ ሳቂታ፣ ያሰበችውን ሁሉ የምትናገር ሴት ናት። እኔ ለስላሳ በትሪ ይዤ ገባሁ። እንግዳዋ አክስቴን ከላይ እስከ ታች አይታ፤

«ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የከሳሽው? እኔ እኮ ያኔውኑ ብያለሁ፤ የተጎዳሽው ያን ዓርብ ነው» አለች።

«የቱ ዓርብ?» አለች እናቴ።

«የሚካኤል ለት ነዋ! አልነገረቻችሁም? ከረቡዕ ማታ ጀምሮ ውኃ በአፏ አልዞረም። ዓርብ ጠዋት ደግሞ ትሰግዳለች፣ ትሰግዳለች፣ ትሰግዳለች። ‹ኧረ በቃሽ› ብንላት ‹ተዉኝ፣ ዛሬ ፈተና አለብኝ› ትላለች። መጨረሻ ላይ ሦስት ሆነን ደግፈን ነው ባጃጅ ላይ ያስቀመጥናት።»

«አንቺ! ይኼ ይወራል?» አሉ አክስቴ። ጆሯቸው ድረስ ቀልተው ነበር። ጾምን ለሰው መናገር ለእሳቸው እርቃንን እንደ መታየት ነው።

ትሪውን እንደያዝሁ ቆምሁ። እንግዳዋ «ምነው ልጄ፣ አስቀምጪው እንጂ» ስትለኝ ነው ያስቀመጥሁት። ክፍሌ ገብቼ የቅጹን ቅጂ አወጣሁ። «መደበኛ» ይላል በራሴ ጽሑፍ። ሁለት ቀን ውኃ ያልጠጣ፣ ጠዋቱን ሙሉ የሰገደ የሰባ ዓመት ሰው ከወንበር አስነሥቼ አስሄድሁ። እሳቸው የማይቀምሱትን ሻይ እንዲያፈሉልኝ አዘዝሁ። ሲንገዳገዱ ጻፍሁ።

እንግዳዋ ከሄደች በኋላ አልጋቸው ጫፍ ላይ ሄጄ ተቀመጥሁ።

«ለምን አልነገሩኝም?» አልሁ።

«መቼ ጠየቅሽኝ?»

«ብጠይቅዎ ይነግሩኝ ነበር?» አልሁ።

አሰቡበት። «አልነግርሽም ነበር» አሉ። ከዚያ ሁለታችንም ሳቅን፤ እኔ ግን ሳቁ መሃል ላይ ወደ ለቅሶ ተለወጠብኝ።

ተሳስቼ ቢሆንና እሳቸው ደህና ቢሆኑ ነገሩ ቀላል ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ሦስት ጠዋት፣ ቁርስ ከበሉ በኋላ፣ ያለ ቅጽ አብሬያቸው ዋልሁ። እናቴን ከኩሽና አስወጣኋት፤ ይህን ለማድረግ አንድ ሌሊት ሙሉ ቃል ስመርጥ አደርሁ። አክስቴ ሽንኩርት ከተፉ፣ ሽሮ ሠሩ፣ ነጠላቸውን አጥበው አሰጡ። እስከ ሐይቁ ዳር አብረን ሄደን ተመለስን፤ የመጀመሪያው ቀን ሁለት ጊዜ አረፉ፤ ሦስተኛው ቀን እኔን ቀደሙኝ። ሰውነታቸው እንደዚያ ዓርብ አልነበረም። ቀኑን ከነቅዱሱ ነገሩኝ። ዓመቱን በቁጥር ነገሩኝ። ከሦስቱ ቃላት ሁለቱን አመጡ፤ ሦስተኛውን ፍንጭ ስሰጣቸው አገኙት። በሁለተኛው ቀን ግን ሽሮውን ጥደው ወደ ጓሮ ወጡ፤ ተመልሰውም አልመጡም። ድስቱን ያወረድሁት እኔ ነኝ።

የዓርቡ ወረቀት ሐሰት ነበር፤ ግን ሙሉ በሙሉ ሐሰት አልነበረም።

በዚህ ጊዜ መጀመሪያ ለእሳቸው ነገርኋቸው። «እትዬ፣ ሰውነትዎ ደህና ነው። የደከመው ተቀምጠው ነው። ማስታወስዎ ግን ትንሽ ቀንሷል።»

«ይብሳል?»

«ምናልባት፣ ቀስ እያለ። ምን ያህል እንደሆነ እኔ አላውቅም። ሐኪም ዘንድ አብረን እንሄዳለን።»

ሄድንም። ሐኪሙ ደማቸውን አስመርምሮ፣ ለግፊታቸው መድኃኒት ሰጥቶ፣ ስለ ማስታወሳቸው እኔ ካልሁት ብዙም ያልተለየ ነገር ነገራቸው። አክስቴ ከሆስፒታሉ ስንወጣ ባጃጅ አላስቆም ብለው በእግራቸው ሄዱ፤ ግማሽ መንገድ ላይ ቆም አሉና፤

«እንዲያ ከሆነማ መሄዱ አሁን ነው» አሉ። «ሰው አዲስ አገር የሚለምደው ማስታወስ እያለው ነው። ኋላ ብሄድ በሩንም አላውቀው።»

እኔም የተማርሁት ይህንኑ ነው። ቀድሞ የተለመደ ሥርዓት፣ በየዕለቱ በአንድ ሰዓት የሚደረግ ነገር፣ ማስታወስ ሲደክም እጅና እግር ይዞት ይቆያል። ከገዳም በላይ ሥርዓት ያለው ቦታ ደግሞ ከየት ይመጣል? ግን ያነበብሁት መጽሐፍ በጀልባ ስለሚደረስበት፣ ሐኪም ስለሌለበት ቦታ የሚለው ነገር አልነበረም።

እናቴ ስትሰማ ማማሰያውን አስቀመጠች።

«ወረቀቱን የሰጠሽኝ አንቺ ነሽ። አሁን የምትሽሪውም አንቺው ነሽ?»

«ተሳስቼ ነበር።»

«አሁንስ አለመሳሳትሽን በምን አወቅሽ?»

ያን ጥያቄ ዛሬም አልመለስሁላትም። ያለኝ መልስ የሙከራ ጊዜ ብቻ ነበር። በነሐሴ ለፍልሰታ ብዙ ምእመናን ሱባዔ ይገባሉ፤ አክስቴም እንደማንኛውም ሰው ለሁለት ሳምንት ደሴቱ ላይ ይግቡና ይታይ አልሁ። እናቴ «ለሱባዔ ብቻ» አለች፤ ጣቷን እያወዛወዘችብኝ።

ሰኔንና ሐምሌን ተለማመድን። ከመሬት ያለ ሰው እርዳታ መነሣትን ተለማመድን፤ መጀመሪያ በጎን፣ ከዚያ በጉልበት፣ ከዚያ በእጅ ተደግፎ። ትንሽ ጀሪካን ይዞ ዳገት መውጣትን ተለማመድን። ለእሳቱ አንድ ሕግ አወጣን፤ ድስት ከተጣደ ከበርጩማው መነሣት የለም፤ ሰው ቢጠራም፣ ዝናብ ቢመጣም። «ንጉሥ ቢመጣም?» አሉኝ። «ንጉሥም ይጠብቃል» አልሁ። ከጾሙ ጉዳይ ጋር ግን ብዙ ታገልን። በመጨረሻ ከንስሐ አባታቸው ጋር ተነጋግረው ውኃና መድኃኒታቸውን በሰዓቱ ሊወስዱ ቃል ገቡ፤ ሲገቡም ከእኔ ፊታቸውን አዙረው ነው።

ሐምሌ ሲያልቅ በጀልባ ሄድን። ሰማዩ ከብዶ ነበር፤ ከዳሩ ወጣ እስክንል የእምቦጩ ቅጠል የጀልባውን ጎን ይፍቅ ነበር። አክስቴ መንገዱን ሁሉ ደስ ብሏቸው ለጀልባ ነጂው ስለ ፋብሪካው ያወሩለት ነበር። እኔ ለገዳሙ አስተዳዳሪ፣ ለእመ ምኔቷ፣ ምን እንደምል በልቤ እየደጋገምሁ ነበር። አክስቴን አላማከርኋቸውም።

ከጀልባው መውረጃ እስከ ገዳሙ ያለው መንገድ የድንጋይ ዳገት ነው፤ ክረምት ላይ ያንሸራትታል። እመ ምኔቷ ከላይ ቆመው ጠበቁን። ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ፣ ዓይናቸው የማያርፍ እናት ናቸው። ጉልበታቸውን ስመን ከዛፍ ሥር ተቀመጥን።

«ሕመም አለብሽ?» ብለው አክስቴን ጠየቋቸው።

«የለብኝም» አሉ አክስቴ ቶሎ ብለው።

«ይረሳሉ» አልሁ። «ጥቂት ጥቂት። እሳትም ይረሳሉ።»

አክስቴ ወደ እኔ አልዞሩም።

«እዚህ የማይረሳ ማን አለ?» አሉ እመ ምኔቷ። «እኔ የትናንቱን ምሳ ጠይቂኝ እስቲ።» ትንሽ ፈገግ አሉ፤ ከዚያ ፈገግታው ጠፋ። «መርሳቱ አይደለም የቸገረኝ። ደወል አለ፤ ደወሉ ሁላችንንም ያስታውሰናል። ብቻዋን የምታበስልም የለችም። የቸገረኝ ሌላ ነው። እዚህ ሁላችንም አርጅተናል። ስትወድቅ የምታነሣት ሌላ የምትወድቅ ናት።»

ለዳገቱ ስላሰብሁት ገመድ ነገርኋቸው። ከዛፍ ዛፍ ቢታሰር፣ ወደ ውኃው የምትወርድ ሁሉ እየያዘች ትወርዳለች አልሁ። ኩሽናው ውስጥ በርጩማ፤ መጸዳጃው ጋ መያዣ እንጨት። ስናገር ድምፄ እየከሰመ ሄደ።

«ገዳሙን ሆስፒታል ልታደርጊው ነው?» አሉ። ከዚያ ዳገቱን ቁልቁል አዩት። «ገመዱ ለእኔም ጉልበት ይሆናል?»

«ይሆናል» አልሁ።

ጀልባው ከመመለሱ በፊት ከሁለት እናቶች ጋር ገመዱን አሰርን። አክስቴን ስሰናበት ጉንጫቸውን ሰጡኝ፤ ቃል ግን አልሰጡኝም።

በሱባዔው ጊዜ ስልክ የሠራው አንድ ቀን ብቻ ነው። እናቴ በየቀኑ ከሥራ ስገባ በር ላይ ትጠብቀኝና ሳትጠይቀኝ ትመለሳለች።

ፍልሰታ በተፈታ ማግስት ልወስዳቸው ተመለስሁ። እመ ምኔቷ ወደ አንድ ጠባብ ቤት መሩኝ። አክስቴ ከሦስት እናቶች ጋር ተቀምጠው ጧፍ ይሠራሉ፤ ክሩን በቀለጠ ሰም ነክሮ ማንከባለል የእሳቸው ድርሻ ነው። ከስተዋል። ክንዳቸው ላይ የበለዘ ነገር አየሁ። አንዲቱን እናት በሌላዋ ስም ጠሯት፤ ሴትዮዋ ሳታርም «አቤት» አለች። ጣቶቻቸው ግን አንድም ጊዜ አልቆሙም። ጀርባቸው ቀጥ ብሏል። ሲያዩኝ ያለ እጅ ድጋፍ ተነሡ።

ውጭ ወጥተን ስንቀመጥ «አንድ ጊዜ ወድቄያለሁ» አሉኝ። «በጎን፣ በጉልበት፣ በእጅ ብዬ ተነሣሁ። ማንም አላነሣኝም።» ከዚያም ቀጠሉ፤ «ያን ቀን ጀልባው ላይ ብትነግሪኝ ኖሮ እኔው ራሴ እነግራቸው ነበር። ሌባ አስመሰልሽኝ።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ለእናትሽ ቀድመሽ ነገርሽ፤ ለእሳቸው ቀድመሽ ነገርሽ። የእኔን ነገር ለእኔ ከምትነግሪኝ ሁለት ጊዜ ለሰው ቀደምሽ።»

«እትዬ፣ ይቅርታ።»

«ይቅር» አሉ፤ ነጠላቸውን አስተካክለው። «እቀራለሁ። አታስጨንቂኝ።»

እመ ምኔቷ ወደ እኛ መጥተው ቆሙ። «ሥራዋን አይቻለሁ፤ ጸሎቷንም አይቻለሁ። ቆቡ ገና ነው፤ በአመክሮ ትቆያለች። እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ስትደክም፣ እኛም ስንደክም፣ ማን ይመጣል?»

«እኔ እመጣለሁ» አልሁ።

«አልሰማሁሽም።»

«እኔ እመጣለሁ!» አልሁ። ጧፍ ከሚሠራበት ቤት አንዲት እናት አንገቷን ብቅ አድርጋ አየችኝ። እንደዚያ ጮክ ብዬ የተናገርሁበትን ሌላ ቀን አላስታውስም።

ስመለስ ሐይቁ ላይ ካፊያ ነበር። እናቴ ከጀልባ ማረፊያው ዳር ቆማ ጠበቀችኝ፤ አንዱን ጃንጥላ ዘርግታለች፤ ሌላውን በብብቷ ይዛለች። ከጀልባው ስወርድ ከኋላዬ አየች። ሁለት ቱሪስት የሚመስሉ ወጣቶች ወረዱ፤ አንድ ካህን ወረዱ፤ ከዚያ የሚወርድ አልነበረም።

«የት አለች?»

«እዚያው ናቸው። ደህና ናቸው። እኔ ስለ እሳቸው ኃላፊነት ወስጄ...»

አልጨረስሁም፤ አልፋኝ ወደ ጀልባ ነጂው ሄደች።

«የሚቀጥለው ጉዞ መቼ ነው?» አለችው።

«ንፋስ ከሌለ ማክሰኞ።»

«ካለስ?»

ሰውዬው ትከሻውን ሰበቀና ገመዱን መጠቅለሉን ቀጠለ። እናቴ ወደ እኔ ዞረች፤ መልሱን ከእኔ ትጠብቅ ነበር። ለእመ ምኔቷ «እመጣለሁ» ስል ስለ ንፋሱ አላሰብሁም ነበር።